ባለጠጋው ዩኒቨርሲቲ ለደመወዝ ያጣበት ዘመን

ጥያቄ፦ «ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በተከፈተ በሁለት ዓመቱ ሊዘጋ ደርሶ ነበር ይባላል። መሥራቹ የታወቀ ቱጃር ከነበረ እንዴት ለመምህራን የሚከፍለው ያጣል? ለወግ ብዬ አይደለም የምጠይቀው። እዚህ ካሊፎርኒያ ያለን ጥቂት ሰዎች ለአገር ቤት ኮሌጅ የሚሆን ቋሚ ገንዘብ ለማቋቋም እየተመካከርን ነው። ከመካከላችን አንድ ትልቅ ሰው ቤትና ቦታቸውን በኑዛዜ ለማውረስ ቃል ገብተዋል። ከስታንፎርድ ታሪክ ለእኛ የሚሆን ነገር ካለ ቢነግሩን።»

ምላሽ፦

እውነት ነው፣ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ያጣው ግን ጥሬ ገንዘብ እንጂ ሀብት አልነበረም። ሀብቱ የተመዘገበው በስታንፎርድ ቤተሰብ ስም ነበር። ለዩኒቨርሲቲው በሰነድ የተላለፈው መሬት ብቻ ነው፤ መሬቱም አይሸጥም ተብሎ የታሰረ ነበር። የቀረው በኑዛዜ ታስቦ ነበር። ኑዛዜ ደግሞ ሰው ሲሞት ይከፈታል እንጂ ሰው ሲሞት አይከፈልም። ከ1893 እስከ 1898 የደረሰው ችግር ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው፤ የእናንተንም ጉዳይ የሚነካው ይኸው ክፍል ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ አንድ ተረት ከመንገዱ ላንሳ። ባልና ሚስት ያረጀ ልብስ ለብሰው ሃርቫርድ ቢሄዱ ፕሬዚዳንቱ ንቆ መለሳቸው፣ እነሱም ተቆጥተው የራሳቸውን ዩኒቨርሲቲ ሠሩ የሚለው ወሬ በአማርኛም ተተርጉሞ በየፌስቡኩ ይዞራል። ፈጠራ ነው። ሌላንድ ስታንፎርድ በዚያን ጊዜ የካሊፎርኒያ ገዥ ሆኖ ያለፈ፣ የትልቅ ባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነው፤ ደጅ የሚያስጠናው አልነበረም። ወደ ሃርቫርድ የሄዱት ምክር ሊጠይቁ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ቻርልስ ኤሊየትም ተቀብሎ መከራቸው። ምክሩ ለጥያቄዎ ግማሽ መልስ ይሆናል፦ ከመሬቱና ከሕንጻው ሌላ ቢያንስ 5 ሚሊዮን ዶላር ቋሚ ገንዘብ ያስፈልጋችኋል ነው ያላቸው። ባልና ሚስቱ ያን ያህል ሀብት ስለነበራቸው ቁጥሩ አላስደነገጣቸውም። በኋላ የተጎዱት «ከመሬቱና ከሕንጻው ሌላ» በሚለው ነው።

የነገሩ መነሻ የልጅ ሐዘን ነው። ሌላንድ ጁኒየር ባልና ሚስቱ በተጋቡ በ18ኛው ዓመት ያገኙት አንድ ልጃቸው ነበር። በአውሮፓ ጉዞ ላይ ሳሉ ማርች 13 ቀን 1884 ፍሎረንስ ከተማ በታይፎይድ ሞተ፤ 16 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። የዩኒቨርሲቲው ሕጋዊ ስም እስከ ዛሬ «ሌላንድ ስታንፎርድ ጁኒየር ዩኒቨርሲቲ» የሆነው በእሱ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ጁኒየር ኮሌጅ የሚባል የሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ስላለ ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ «ጁኒየር» የተባለው ግን ልጁ ነው።

የሕጉ ሥራ በሁለት ደረጃ ተሠራ። የካሊፎርኒያ ምክር ቤት ማርች 9 ቀን 1885 የግል ሰው በስጦታ ዩኒቨርሲቲ እንዲያቋቁምና በሕይወት እስካለ ድረስ ሥልጣኑን በእጁ እንዲያቆይ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ባልና ሚስቱም ኖቬምበር 11 ቀን 1885 የስጦታውን ሰነድ ፈረሙ፤ ከሦስት ቀን በኋላ 24 ባላደራዎች ሳን ፍራንሲስኮ ተሰብስበው ተረከቡት። ሰነዱ ሦስት ትልልቅ ይዞታዎችን ይሰጣል፦ ፓሎ አልቶ ያለውን የፈረስ ማርቢያ፣ ከሳክራሜንቶ በስተሰሜን ያለውን የቪና የወይን እርሻ እና ግሪድሊ የተባለውን የስንዴ እርሻ። አንድ ላይ ከ80 ሺህ ኤከር በላይ ናቸው፤ በእኛ ልክ ከ32 ሺህ ሄክታር አያንስም። የፓሎ አልቶው ብቻ 8,180 ኤከር ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ያረፈበት እሱ ላይ ነው። ጋዜጦች የስጦታውን ዋጋ 20 ሚሊዮን ዶላር እያሉ ይጽፉ ስለነበር ሕዝቡ ዩኒቨርሲቲው ያን ያህል ገንዘብ ያለው መሰለው።

ሰነዱ በብዙ ነገር ለዘመኑ የቀደመ ነበር። ለወንድና ለሴት እኩል ትምህርት እንዲሰጥ፣ የየትኛውም የሃይማኖት ክፍል ትምህርት እንዳይገባ፣ ትምህርቱ ተማሪውን ለኑሮው የሚጠቅም እንዲሆን ያዝዛል። ፕሬዚዳንቱ መምህራንን የማሰናበት ሥልጣን እንዲኖረውም ያደርጋል። ነገር ግን ሁለት ቋጠሮዎች አሉበት።

አንደኛው፣ የተሰጡት መሬቶች አይሸጡም። እኛ «አይሸጥም አይለወጥም» የሚለውን አነጋገር ከሌላ ቦታ ስለምናውቀው ሐሳቡ አይከብደንም፤ ሰጪው የፈራው ባላደራዎቹ አንድ ክፉ ዓመት ሲመጣ ርስቱን ቸርችረው እንዳይበሉት ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ የማይሸጥ መሬት ለደመወዝ የሚሆነው በየዓመቱ የተጣራ ገቢ ካመጣ ብቻ ነው፤ እነዚህ ግን አላመጡም። የፈረስ ማርቢያው ዝናን እንጂ ትርፍን የሚያስብ ሥራ አልነበረም። ቪና በዘመኑ በዓለም ትልቁ የወይን እርሻ የተባለ ቢሆንም በኪሳራ ይሠራ ነበር። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ከባቡሩ ገንዘብ እየቀዳ ስለሚሞላው ጉድለቱ አልታየም። ስጦታውን የተቀበለው ዩኒቨርሲቲ ገቢ መስሎት የተረከበው ግማሹ ወጪ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ሁለቱ መሥራቾች በሕይወት እስካሉ ድረስ ሙሉ ሥልጣን የእነሱ ነው። 24ቱ ባላደራዎች ስም ብቻ ነበሩ፤ ለብቻቸው ቼክ የሚፈርሙበት ሥልጣን አልነበራቸውም። ዩኒቨርሲቲው የራሱ ሒሳብና የራሱ በጀት አልነበረውም፤ ወሩ ሲደርስ ያን ጊዜ የአሜሪካ ሴናተር የነበረው ስታንፎርድ ይከፍላል። ሰውየው ደግ ስለነበረ ይህ አሠራር ሁሉን ሥራ አቀለለ። ሲሞት ግን የተቋሙ ካዝና ከሟቹ ካዝና ጋር አብሮ ታሸገ።

ሕንጻውን ባጭሩ ልለፈው፤ ስለ እሱ የተጻፈ ብዙ ነው። የቦታውን ንድፍ የሠራው የኒው ዮርኩን ሴንትራል ፓርክ የነደፈው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ሲሆን፣ እሱ ኮረብታው ላይ ይሁን ሲል ስታንፎርድ ሜዳው ላይ ይሁን ብሎ አሸነፈ። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ሜይ 14 ቀን 1887 ነው፤ ልጁ በሕይወት ቢኖር 19 ዓመት የሚሞላበት ቀን። ከሳን ሆዜ አካባቢ በመጣ ቢጫ አሸዋማ ድንጋይ፣ በቅስት በቅስት የተያያዙ ሕንጻዎች ተነሡ። ሥራው አራት ዓመት ፈጀ። በእነዚህ አራት ዓመታት ገንዘቡ ወደ ድንጋይ ሲሄድ፣ በዩኒቨርሲቲው ስም ወለድ የሚያስገባ ቋሚ ገንዘብ አልተቀመጠም። ይህን ቅደም ተከተል በብዙ ተቋማት ታገኙታላችሁ፤ ሕንጻ የሚመረቅበት ቀንና ጥብጣብ አለው፣ የመጠባበቂያ ገንዘብ ግን ለመመረቅ አይመችም።

ፕሬዚዳንት የተገኘው በ1891 መጀመሪያ ላይ ነው። ዴቪድ ስታር ጆርዳን የዓሣ ሊቅና የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበር፤ በዓመት 10 ሺህ ዶላር ደመወዝ ተቀጠረ። ስድስት ወር ያህል ጊዜ ብቻ ስለነበረው መምህራኑን የሰበሰበው በአብዛኛው ከሚያውቃቸው፣ ከኢንዲያናና እሱ ከተማረበት ከኮርኔል ነው። የምሥራቁ ጋዜጦች ፕሮፌሰሮቹ ለባዶ ወንበር ያስተምራሉ እያሉ ቢያሾፉም፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1891 ሲከፈት 15 ያህል መምህራን ነበሩት፣ በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡት ተማሪዎችም ከ550 በለጡ። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ኸርበርት ሁቨር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፦ ትምህርቱ በነጻ ነበር። ለተማሪው ትልቅ ነገር ነው፤ ለሒሳብ ሹሙ ግን የተማሪ ቁጥር ሲጨምር ወጪው ይጨምራል እንጂ ገቢው አይጨምርም ማለት ነው። የትምህርት ክፍያ የሚያስከፍል ኮሌጅ በክፉ ቀን ቢያንስ ከተማሪው የሚመጣ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ አለው። ስታንፎርድ ይህ የትምህርት ክፍያ አልነበረውም። የትምህርት ክፍያ የተጀመረው በ1920 ነው።

ሴናተሩ ጁን 21 ቀን 1893 ሌሊት በተኛበት አረፈ። ጊዜው ከዚህ የከፋ ሊሆን አይችልም ነበር። በዚያው ጸደይ የአሜሪካ ገንዘብ ገበያ ተናውጦ ባንኮች እየተዘጉ ነበር፤ የባቡር አክሲዮን ገዥ አጥቷል። ኑዛዜው ለዩኒቨርሲቲው 2.5 ሚሊዮን ዶላር ያወርሳል፤ ከዘመዶች ድርሻ የተረፈው አብዛኛው ሀብት ደግሞ ለሚስቱ ለጄን ይደርሳል፤ እሷም በጊዜዋ ለዩኒቨርሲቲው እንድታስተላልፈው የታሰበ ነበር። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ደህና ይመስላል። ነገር ግን ውርስ በፍርድ ቤት ሲጣራ ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ የሟቹ ዕዳ ይጠየቃል፣ ባለገንዘብ ነኝ፣ ማለትም ሟቹ ዕዳ አለበኝ የሚል ሁሉ ይጠራል፣ እሱ ሳያልቅ ለወራሽ የሚከፈል ነገር የለም። የውርስ አጣሪዋ ጄን ራሷ ብትሆንም ከውርሱ አንድ ዶላር ለማውጣት የዳኛ ፈቃድ ያስፈልጋታል።

ዩኒቨርሲቲው ከውርሱ ገና የሚገባው ነገር ስለሌለ ለደመወዝ ገንዘብ ለመጠየቅ መብት አልነበረውም። መበለቲቱ ግን የቤት ወጪ የመጠየቅ መብት አላት። መፍትሔው የመጣው ከዚህ ቀዳዳ ነው። የሳን ፍራንሲስኮው የውርስ ዳኛ በወር 10 ሺህ ዶላር ለቤቷ ወጪ ፈቀደላት፤ ቤተሰቡ ድሮም ለቤቱ ያወጣው የነበረው ይህን ያህል ነው በሚል ምክንያት። ቀጥሎ ፕሮፌሰሮቹ በሕግ ፊት የጄን የቤት አገልጋዮች ተደርገው ተቆጠሩ። የሚከፈላቸውም በዚያ ስም ነበር። ጄን ከ17 አሽከሮቿ ሦስቱን ብቻ አስቀርታ የራሷን ወጪ በወር ወደ 350 ዶላር አወረደች፤ የቀረው ሁሉ ለዩኒቨርሲቲው ሄደ።

ስሌቱን እንሥራው፤ የነገሩ ፍሬ እዚህ ነው። 10 ሺህ ሲቀነስ 350 በወር 9,650 ዶላር ነው፤ በዓመት 115,800 ዶላር። ዩኒቨርሲቲው የቆመው በዚህ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ በዓመት 4 በመቶ ከሚያስገባ ቋሚ ገንዘብ ለማግኘት 2.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስፈልጋል። በኑዛዜ የተተወው 2.5 ሚሊዮን በ1885 በዩኒቨርሲቲው ስም ገብቶ በቦንድ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ በዓመት 100 ሺህ ይሰጥ ነበር። ማለትም ያን ጊዜ የጎደለው ገንዘብ ከመሥራቹ ሀብት ትንሽ ክፍል ነው፤ እሱም ታስቦ፣ ተጽፎ፣ ተፈርሞ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሕይወት ሳለ አልተላለፈም።

ብዙዎች፣ በተለይ የሟቹ የድሮ ሸሪክ ኮሊስ ሀንቲንግተን፣ ትምህርት ቤቱን ዝጊው ሲሏት ነበር። ቢያንስ ውርሱ ተጣርቶ እስኪያልቅ የሚሉም ነበሩ። ምክሩ ከሒሳብ አንጻር ሞኝነት አልነበረም። ከተቋም አንጻር ግን ዩኒቨርሲቲ እንደ ሱቅ ዘግተው የሚከፍቱት ነገር አይደለም፤ መምህሩ ይበተናል፣ ተማሪው ሌላ ቦታ ይመዘገባል፣ ስሙም «የተዘጋው» ሆኖ ይቀራል። ጄን ሁለት ሳምንት ያህል አስባ እንቀጥላለን አለች።

ከሁሉ የከበደው ምት ገና ነበር። ሴንትራል ፓስፊክ የተባለው የባቡር ሐዲድ ሲሠራ የፌዴራሉ መንግሥት የ30 ዓመት ቦንድ አበድሮት ነበር። በ1894 መንግሥቱ የዕዳው መክፈያ ቀን ገና ሳይደርስ፣ ሟቹ ባለ አክሲዮን ስለነበረ የድርሻውን ዕዳ ውርሱ ይክፈል ብሎ 15,237,000 ዶላር ጠየቀ። ክሱ ካለቀ በኋላ ምንም ቢወሰን፣ እስኪያልቅ ድረስ ውርሱ አይከፈልም። አንድን ተቋም ለመግደል መርታት አያስፈልግም፤ ማቆየት ይበቃል። ጄን በሁለቱ የበታች ፍርድ ቤቶች ረታች፤ መንግሥቱ ይግባኝ አለ። በመጨረሻ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማርች 2 ቀን 1896 ለእሷ ፈረደ። ምክንያቱም ኮንግረስ ብድሩን የሰጠው ለኩባንያው ነው፣ ባለ አክሲዮኖች በግል ሀብታቸው እንዲጠየቁ አላሰበም የሚል ነው።

ከፍርዱ በኋላም ውርሱ እስኪለቀቅ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ፈጀ። በ1897 ጄን ጌጣጌጧን ይዛ ለንደን ሄደች፤ የንግሥት ቪክቶሪያ 60ኛ የንግሥና ዓመት ስለሚከበር ገዥ ይገኛል ብላ ነው። የተሸጠው ጥቂት ብቻ ነበር፤ አልማዝም እንደ መሬት ነው፣ ሲቸኩሉ ዋጋ አያወጣም። የቀረው ከሞተች በኋላ በ1908 የግማሽ ሚሊዮን ዶላር የመጻሕፍት መግዣ ገንዘብ ሆኖ የጌጣጌጥ ፈንድ ተብሎ ተቋቋመ፤ ዛሬም በቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍት ላይ የዚህ ፈንድ መለያ ይለጠፋል።

ውርሱ በ1898 መጨረሻ ተለቀቀ። ጄን በ1899 የባቡር አክሲዮኑን ሽጣ ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር ለባላደራዎቹ አስተላለፈች። ኤሊየት ያለው ገንዘብ በመጨረሻ ገባ ማለት ነው፤ 14 ዓመት ዘግይቶ። የ1885ቱ የስጦታ ሰነድ በሕግ ይጸና እንደሆን ጥርጣሬ ስለነበረም በኖቬምበር 1900 የካሊፎርኒያ መራጮች ሕገ መንግሥቱን አሻሽለው አጸኑት። ሕገ መንግሥት እስከማሻሻል ያደረሰ የሰነድ ጉድለት ማለት ነው፤ ለጠበቃ የሚከፈል ገንዘብ የሚቆጥቡ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ጥሩ ነው።

ይህ ሁሉ ጄንን ጀግና ያደርጋታል፤ ናትም። ነገር ግን ያው ያልተገደበ ሥልጣን ሌላ ፊትም ነበረው። በዚያው በ1899 የሴት ተማሪዎች ቁጥር ከ500 እንዳይበልጥ አዘዘች፤ ለወንድ ልጇ መታሰቢያ የሆነው ትምህርት ቤት የሴቶች ኮሌጅ እንዳይመስል ፈርታ ነው። ሰነዱ ለሁለቱም እኩል ይላል፤ የሰነዱ ባለቤት ግን እሷ ነበረች። ገደቡ እስከ 1933 ቆየ። ኤድዋርድ ሮስ የሚባል የምጣኔ ሀብትና የኅብረተሰብ ጥናት ፕሮፌሰር የከተማ ባቡር በሕዝብ ይያዝ ሲል፣ ከእስያ የሚመጡ ሠራተኞችንም ዘርን በሚያንቋሽሽ ቃል ሲቃወም ጄን ይሰናበት አለች። ጆርዳን ሊያለሳልስ ሞከረ፤ በመጨረሻ ሮስ በኖቬምበር 1900 ለቀቀ። በርካታ መምህራንም ተቃውመው ሄዱ። ከሄዱት አንዱ አርተር ላቭጆይ በ1915 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር ሲመሠረት ከዋናዎቹ ነው። የሮስ ንግግር ዛሬ የሚከላከልለት ላይኖር ይችላል፤ ጥያቄው ግን ደመወዝ የሚከፍል ሰው ፕሮፌሰሩ ምን ይበል የሚለውን ይወስናል ወይ የሚል ነበር። ጄን ሥልጣኗን ለባላደራዎቹ ያስረከበችው በ1903 ነው። በ1905 ሆኖሉሉ ውስጥ ሞተች፤ የአስከሬን መርማሪው ሸንጎ በስትሪክኒን ተመርዛ ነው አለ፣ ጆርዳን በልብ ሕመም ነው ብሎ ተከራከረ። ለዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ወሳኙ ነገር እሷ የሞተችው ካስረከበች በኋላ መሆኑ ነው፤ ይህ ሁለተኛ ሞት ደመወዝ አላቋረጠም።

የተገኘው ገንዘብ ግን ደግሞ ወደ ድንጋይ ሄደ። ከ1899 በኋላ ባሉት ዓመታት ቤተ ክርስቲያን፣ ትልቅ ቅስት፣ አዲስ ቤተ መጻሕፍት፣ አዲስ ጂምናዚየም ተሠሩ። ኤፕሪል 18 ቀን 1906 ንጋት ላይ የመሬት መንቀጥቀጡ መጣ። በግቢው ሁለት ሰው ሞተ። ቤተ መጻሕፍቱና ጂምናዚየሙ አገልግሎት ሳይሰጡ ፈረሱ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ጉልላት ብረት ስለነበረው ዙሪያው ያለ ብረት የተገነባው ግንብ ሲናድ ብቻውን ቆሞ ቀረ። በ1891 በጥድፊያ በሦስት ወር በኮንክሪት የተሠራው የሴቶች ማደሪያ ግን ተረፈ። ከሙዚየሙም ቢሆን በብረት አርማታ የተሠራው የመካከሉ ክፍል ሲቆም በጡብ የተጨመሩት ክንፎች ተጎዱ። ግንበኛ ለሆነ አንባቢ ይህ ክፍል ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል።

አይሸጥም የተባለው መሬት ምን ሆነ? የቪናው እርሻ በኋላ ተሽጧል፤ ከፊሉ ላይ ዛሬ የትራፒስት መነኮሳት ገዳም አለ፣ ወይንም ይጠምቃሉ። የፓሎ አልቶው ግን አልተሸጠም፣ አይሸጥምም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ሲቸግረው መሸጥ ስላልቻለ ማከራየት ጀመረ፤ በ1951 የኢንዱስትሪ መንደር ከፈተ፣ የመጀመሪያው ተከራይ ቫሪያን የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ነው። የሲሊከን ቫሊ አንዱ እግር የቆመው በዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ያ ቋጠሮ በ1893 አንቆ ሊገድለው ሲል፣ ከ60 ዓመት በኋላ አበለጸገው። ልዩነቱ በ1951 ዩኒቨርሲቲው ሌላ ገቢ ስለነበረው መጠበቅ መቻሉ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የትልቁ ሰው ቃል መልካም ነው፤ ግን በኑዛዜ የተሰጠ ነገር ሰውየው እስኪሞቱ ሊሻር ይችላል፣ ከሞቱ በኋላም ባለገንዘብና ወራሽ እስኪጨርስ ይቆማል። ፈቃደኛ ከሆኑ ዛሬ በስጦታ ውል አስተላልፈው፣ በሕይወት እስካሉ የመኖርና የኪራዩን ገቢ የመውሰድ መብት፣ በእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ አላባ የሚባለውን፣ ለራሳቸው ያስቀሩ። ካሊፎርኒያም ተመሳሳይ አሠራር አለ። ሚስትና ልጆች ካሏቸው አስቀድመው ይስሙ፤ ከውርስ ክርክር አብዛኛው የሚነሣው ካልሰማ ዘመድ ነው። ንብረቱ አገር ቤት ከሆነ ደግሞ የሚተላለፈው ቤቱና የይዞታው መብት እንጂ መሬቱ ራሱ እንዳልሆነ አስታውሱ።

በውሉ ውስጥ መሸጥን ፈጽሞ አትከልክሉ። ለመሸጥ ከቦርዱ ሦስት አራተኛ ድምፅ ይጠየቅ፣ የተሸጠበትም ዋጋ ለዕለት ወጪ ሳይሆን ለቋሚው ገንዘብ ብቻ ይግባ ብላችሁ ብትጽፉ የሰጪውንም ፍርሃት ትመልሳላችሁ፣ እጃችሁም አይታሰርም። ሁሉን በአንድ ንብረት ላይ ማስቀመጥም ሌላ አደጋ ነው። ጆንስ ሆፕኪንስ ለዩኒቨርሲቲና ለሆስፒታል 7 ሚሊዮን ዶላር አውርሶ ሲሞት የዩኒቨርሲቲው ድርሻ በአብዛኛው የአንድ ባቡር ኩባንያ አክሲዮን ነበር፣ አትሽጡት ብሎም መክሮ ነበር፤ በ1880ዎቹ መጨረሻ ኩባንያው የትርፍ ድርሻ መክፈል ሲያቆም ዩኒቨርሲቲው ከተመጽዋች አልተለየም።

ከቋሚው ገንዘብ በዓመት ከ4 እስከ 5 በመቶ ብቻ አውጡ። ከዚያ ተለይቶ የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ደመወዝ የሚሸፍን ጥሬ ገንዘብ ባንክ ይቀመጥ፤ ለሕንጻ እንዳይነካ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ስታንፎርድ በ1893 ያጣው ይህን ትንሽ ገንዘብ ነው። የሰጪዎች ሥልጣንም የማብቂያ ቀን ይኑረው፤ አምስት ዓመት ይሁን ሰባት፣ ቁጥሩ ይጻፍ።

ከሌሎቹ ለጋሾች ቃል ብቻ እየሰማችሁ ከሆነ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲን መንገድ ተመልከቱ። የነዳጅ ዘይት ቱጃሩ ሮክፌለር በ1889 የ600 ሺህ ዶላር ቃሉን የሰጠው ሌሎች በአንድ ዓመት ውስጥ 400 ሺህ ዶላር ካዋጡ ብቻ ነው፤ አዋጡም፣ ከፈለም። የእናንተም ትልቅ ሰው ስጦታቸውን «አባላቱ በ12 ወር ውስጥ ይህን ያህል ጥሬ ገንዘብ ካስገቡ» በሚል ሁኔታ ቢያስሩት፣ የሌሎቻችሁ ቃል ስንቱ ገንዘብ እንደሆነ ያኔ ታውቃላችሁ። ጠበቃው ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት የንብረቱን የዓመት ኪራይ፣ ግብርና የጥገና ወጪ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ውሰዱ፤ የተጣራው ከዜሮ በታች ከሆነ የተሰጣችሁ ቪና ነው፣ በስጦታ ውሉ ላይ የመሸጥ ፈቃድ ካልተጻፈ አትቀበሉት።